ብቻውን ሮማ ለሚገባ ሰው

ውድ አንባቢ፤ በደብረ ዘይት መንገድ ከጎተራ ወደ ሳሪስ በታክሲ ሲወርዱ ረዳቱ «ዮሴፍ ወራጅ አለ?» ሲል ሰምተው ይሆናል። በዚያ በዮሴፍ መካነ መቃብር አበበ ቢቂላ አርፏል። ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ ሲሄዱ ደግሞ ሌላው ረዳት «ቫቲካን!» ይላል፤ በዚያ ያለውን የቫቲካን ኤምባሲ ማለቱ ነው። እንግዲህ እኛ የነፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች ሮማን በዓይናችን ሳናያት ስሟንና ታሪኳን በየዕለቱ እናልፍበታለን ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን እንበልና ከመሥሪያ ቤትዎ ለአጭር ኮርስ ተመርጠው ወደ ሮማ ተላኩ፤ ወይም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሌላ የኤውሮፓ ከተማ ሲሄዱ ሦስት ቀን ሮማ ላይ መቆየት ግድ ሆነብዎ። ጓደኛ የለም፤ ዘመድ የለም፤ ቋንቋውንም አያውቁትም። በኪስዎ ያለው አበል ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቻችን የምናደርገውን ልንገርዎ፤ ክፍላችንን ቆልፈን እንቀመጣለን።

ይህን የምለው ሰው ለማማት ሳይሆን እኔው ራሴ ያደረግሁት ስለ ሆነ ነው። መጀመሪያ ሮማ በገባሁ ጊዜ ከሦስቱ ቀናት ሁለቱን በሆቴሉ መስኮት ወደ ውጭ ስመለከት አሳለፍሁ። እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምሁ አበሌን ስቆጥር ዋልሁ። ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ያሰረኝ፤ ምግብ ቤት ገብቶ ብቻን መቀመጥ አሳፍሮኝ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ ለአንድ ሰው በተሰናዳ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ወንጀል የሠራ ይመስለዋል። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቆሎው አለቀና ወጣሁ። በዚያች በቀረችኝ አንዲት ቀን ያየሁት ነገር በሁለቱ ቀናት ምን እንዳመለጠኝ አሳወቀኝ፤ ከዓመታት በኋላም ዳግመኛ ዕድል ሳገኝ ተመልሼ የቀረኝን አየሁ። የሚከተለው ምክር ከዚያ ጸጸት የተገኘ ነው።

ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሮማ ለኢትዮጵያዊ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። ከእርስዎ በፊት ወዳጅ ዘመድ ሳይኖራቸው የገቡባት የአገርዎ ሰዎች ዱካቸውን ትተውባታል። ያን ዱካ ለመከተል ደግሞ ብቻ መሆን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ከጓደኛ ጋር የሄደ ሰው ግማሹን ጊዜ ጓደኛውን ሲጠብቅና ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ያሳልፈዋል። ብቻውን የሄደ ግን በፈለገበት ይቆማል፤ በፈለገውም ጊዜ ይነሣል።

የመጀመሪያው ማለዳ፤ ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነሥቶ ወደ ከተማው የሚገባው ባቡር የሚያወርድዎ ቴርሚኒ ከተባለው ትልቅ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኵዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ቢሉ፣ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። እንግዲህ ሮማ ገብተው መጀመሪያ የሚረግጡት አደባባይ ስሙን ያገኘው ከእኛው ሰው ክንድ ነው።

ከአደባባዩ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ ጥንታዊ መታጠቢያ ቤት አጠገብ፣ ለእነዚሁ ወታደሮች መታሰቢያ የተደረገ ከግብፅ የመጣ የድንጋይ ሐውልት አለ። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ የይሁዳን አንበሳ ሐውልት ከመዲናችን ነቅለው ወስደው ከዚህ ግርጌ አቁመውት ነበር። ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ከኤርትራ የመጣው ወጣት አስተርጓሚ ዘርዓይ ደረስ በዚህ ሥፍራ ጎራዴውን መዘዘ። ከዚያም ተይዞ በሲሲሊ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተላከና እዚያው እንዳለ በ1937 ዓ.ም. ሞተ። አንበሳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆመ፤ ዘርዓይ ግን አልተመለሰም።

በዚህ ቦታ ጥቂት ይቁሙ። አላፊ አግዳሚው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል እንጂ ቀና ብሎ የሚያይ እምብዛም የለም። ጓደኛ ቢኖርዎ «ምን አፈዘዘህ? እንሂድ እንጂ» ይልዎ ነበር። የብቸኝነት የመጀመሪያው ትርፍ ይህ ነው፤ ለሚገባው ነገር የሚገባውን ያህል ቆሞ መገኘት።

ቡና፣ ውሃና ፌርማታ

ቋንቋ የለኝም ብለው አይስጉ። ከሚያስቡት በላይ ያውቃሉ። አውቶቡስ በሚቆምበት ሁሉ በትልቁ የተጻፈው ቃል «ፌርማታ» ነው። ዳቦ ቤቱ «ፎርኖ» ይላል፤ እኛ የፉርኖ ዱቄት የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው። ጎማ የሚጠግነው ሰው በሮማም «ጎሚስታ» ነው። «ፒያሳ»ንና «መርካቶ»ን እንኳ ተርጓሚ አያሻዎትም። «ካዛንቺስ» የሚለውም ስም ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው የኢጣልያ ድርጅት ምሕጻረ ቃል የመጣ ነውና፣ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ስሙ ለእርስዎ የወጣ ያህል ነው! እነዚህን ቃላት ያመጣብን በአብዛኛው የጦርነትና የወረራ ዘመን መሆኑን አንረሳም። ቃሉን ግን አስቀርተን ባለቃሉን ሸኝተነዋል።

ከእኛ ዘንድ ወደ እነርሱ የሄደም ቃል አለ። ጣልያኖች ነገር ሲተራመስ «አምባራዳን» ይላሉ። ቃሉ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ብዙ ወገኖቻችን ከወደቁበት ከአምባ አራዶም ውጊያ የመጣ ነው ይባላል፤ የሚናገረው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ምንጩን አያውቅም። በከተማው ሰሜን በኩል ደግሞ ጎዳናዎቹ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጣና ሐይቅ ስም የሚጠሩበት ሰፈር አለ። ጊዜ ከተረፈዎ አውቶቡስ ተሳፍረው በኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ይውረዱ፤ ስሙን ያወጣው የቅኝ ግዛት ምኞት ቢሆንም፣ የአገርዎን ስም በግንብ ላይ ተጽፎ ማየት የሚያሳድረው ስሜት ልዩ ነው።

አሁን ወደ ኪስ ጉዳይ እንምጣ። ቡናዎን ቆመው ይጠጡ። በሮማ ቡና ቤት ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚጠጣ ሰው የሚከፍለው፣ ጠረጴዛ ይዞ ከሚቀመጠው ያነሰ ነው። በብዙ ቦታ አስቀድመው ለሒሳብ ተቀባዩ ይከፍሉና ደረሰኙን ይዘው ወደ ቡና ቀጂው ይጠጋሉ። ደግሞም ቆሞ ለሚጠጣ ሰው ብቸኝነት አያሳፍርም፤ ሚኒስትሩም ሹፌሩም እዚያው ጎን ለጎን ቆሞ በሁለት ጉንጭ ጨርሶ ይሄዳል። ማኪያቶ ቢያዝዙ ግን የኛን አገሩን አይጠብቁ፤ የሚመጣልዎ ጥቂት ወተት ጠብ ያለበት ትንሽ ቡና ነው።

ውሃ በገንዘብ አይግዙ። በየመንገዱ ዳር አፍንጫቸው ቆልመም ያለ የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ይፈስሳሉ፤ ውሃቸው ንጹሕና ነጻ ነው። ስለ ቅርጻቸው ሮማውያን «ትልልቅ አፍንጫዎች» ይሏቸዋል። አብያተ ክርስቲያናቱም በአብዛኛው ያለ ክፍያ ያስገባሉ፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ ብቻ ይበቃል። የመንግሥት ቤተ መዘክሮች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ የቫቲካን ቤተ መዘክር ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጠዋት በነጻ ይከፈታሉ፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነውና ማልደው ይድረሱ። በጣቢያውና በተጨናነቀው አውቶቡስ ውስጥ ኪስ አውላቂ አይጠፋም። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ረገድ የምጨምረው ትምህርት የለኝም።

ቫቲካን፤ ከቤተ መቅደሱ በስተኋላ

በሁለተኛው ቀን ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ይሂዱ። ሁሉም ሰው ይሄዳል፤ እርስዎ ግን ሌላው ጎብኚ የማያውቀውን ይፈልጉ። 551 ደረጃ ወጥተው ጉልላቱ ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ አደባባዩ ተጋፍቶ ያያል። እርስዎ ወደ ኋላ፣ ወደ አትክልቱ ሥፍራ ይዙሩ። ከባዚሊካው ጀርባ አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ስሟም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ከእርሷ ወዲያ በአትክልቱ ውስጥ ያለው ሕንፃ ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች ዘው ተብሎ አይገባባትም፤ ገብቶ ለማየት የሚሻ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሰጥተዋቸው ነበር። በእግርና በመርከብ፣ በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ ጋር የተዋወቀው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን በዚሁ በሮማ አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው። ከዚያ በኋላ ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እ.ኤ.አ. የግዕዙን አዲስ ኪዳን ማሳተም ጀመሩ። ማተሚያውን የሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች ፊደሉን ማንበብ የማይችሉ ስለ ነበሩ፣ ለተገኘው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። በባዕድ አገር ቋንቋ ቸግሮዎት ሆቴል ውስጥ ቢተክዙ፣ እኚህን መነኩሴ ያስቧቸው። እርሳቸው ፊደል ከማያውቁ አታሚዎች ጋር ሆነው አንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ፤ እኔ ግን ሾርባ ማዘዝ አፍሬ ሁለት ቀን ዳቦ ቆሎ ቆረጠምሁ።

ሌላም ታሪክ አለ። በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ በዚህ ሥፍራ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ አገር ሰው ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ እስከ ጀርመን አገር ድረስ ተጠርተው ሄዱ፤ ሉዶልፍም ስለ አገራችን ቋንቋና ታሪክ የጻፋቸው ታላላቅ መጻሕፍት፣ በ1698 እ.ኤ.አ. የታተመው የአማርኛ ሰዋስው ጭምር፣ ከእርሳቸው በተማረው ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 እ.ኤ.አ. መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። አየህ፣ የሚጠይቀው ሰው ያገኘ ብቸኛ መንገደኛ ምን ያህል ነገር ትቶ እንደሚያልፍ! ይህን በጉልላቱ ላይ ሆኜ ለራሴ ስናገር አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቀና ብላ አየችኝ። ብቻውን የሚሄድ ሰው አንዳንድ ጊዜ ለራሱ ያወራል፤ ነውር የለውም።

የአበበ መንገድ

ሦስተኛውን ቀን ለእግርዎ ይስጡ። ከተቻለ የሚመች ጫማ ያድርጉ፤ ያለ ጫማ የሄደበትን ሰው መንገድ ነው የሚከተሉት።

የሮማው ማራቶን የተደረገው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 ይሉታል፤ ለእኛ ግን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በአገር ቤት ሰው ችቦውን ሲያዘጋጅ፣ በሮማ ሯጮቹ ከካፒቶል ኮረብታ ግርጌ በፀሐይ መጥለቂያ ገደማ ተነሡ። ጨለማ ሲሆን ወታደሮች በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው አበሩላቸው። ይህ ነገር ከእኛ ዋዜማ ጋር መገጣጠሙ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በደረቱ 11 ቁጥርን ለጥፎ፣ በባዶ እግሩ በዚያ ብርሃን መካከል ሮጠ።

እርስዎ ሙሉውን መንገድ መሄድ አያስፈልግዎትም። በማታ ገደማ ከቅዱስ ሰባስትያኖስ በር ይነሡ። ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ገብተው፣ በካራካላ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ አጠገብ አልፈው እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ ያለው መንገድ ከሦስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በመካከሉ ፖርታ ካፔና ከተባለው አደባባይ ሲደርሱ ይቁሙ። በስተቀኝም በስተግራም የአክሱምን ሐውልት ቢፈልጉ አያገኙትም። እርሱን አለማግኘትዎ ነው ደስታው።

24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ያ ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተወስዶ በዚህ አደባባይ፣ የኢጣልያ አፍሪቃ ሚኒስቴር እንዲሆን በታሰበው ሕንፃ ፊት ቆሞ ነበር። ኢጣልያ ከጦርነቱ በኋላ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ ለመመለስ ቃል ገባች፤ ሐውልቱ የተመለሰው ግን ከ58 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ከተጓጓዘ በኋላ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአክሱም ዳግመኛ ቆመ። ሕንፃው ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ከእርሻ ሚኒስቴር ለኮርስ የተላኩ ከሆነ ምናልባት ቀን ቀን የሚውሉት እዚያው ውስጥ ይሆናል። ቅኝ ግዛት ሊያስተዳድር በታሰበ ቤት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራተኛ ከሌሎች እኩል ተቀምጦ ስለ ስንዴና ስለ ጤፍ ይነጋገራል።

በዚያ በዋዜማው ሌሊት ግን ሐውልቱ ገና በቦታው ነበር። አበበና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ትከሻ ለትከሻ ሆነው መጡ። አበበ ከዚህ አካባቢ ጀምሮ ፍጥነቱን ጨምሮ ራዲን ጥሎት ሄደ፤ በ25 ሴኮንድ ያህል ቀድሞም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ቅስቱ ሥር ገባ። የተማረከው ድንጋይ ቆሞ ሲያይ ነጻው ሰው አለፈ። ከፖርታ ካፔና ወደ ቅስቱ በሚወስደው በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ላይ በ2002 ዓ.ም. ለመታሰቢያው በግንብ ላይ ጽሑፍ ተደርጓል። በዚያው ዓመት የሮማን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ሮጧል።

እኔም ቅስቱ ጋ ስደርስ ጫማዬን አውልቄ ድንጋዩን ረግጬ ነበር። ቀዝቃዛና ሸካራ ነው። አምስት እርምጃ ሄጄ መልሼ አደረግሁት። በዚያች ደቂቃ ጓደኛ አጠገቤ ቢኖር አፍሬ አላደርገውም ነበር።

የማታው ገበታ

የቀረው የምግብ ነገር ነው። በቴርሚኒ ጣቢያ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ምግብ ቤቶች አሉ። በዚያች በመጨረሻዋ ማታ ከአንዱ ገባሁ። ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ።

«ልጄ፣ ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ እዚያ ጥግ ምን ታደርጋለህ? ና ወዲህ!» ብለው ከሁለት ሰዎች ጋር ከአንድ ትሪ አስቀመጡኝ። አንደኛው ተማሪ ነበር፤ ሁለተኛው ብዙ ዓመት የቆየ ሠራተኛ። የት የት እንደ ዋልሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ ሠራተኛው ጉርሻውን በእጁ እንደ ያዘ ዝም ብሎ ቆየና፣ በዶጋሊው ሐውልት አጠገብ በየቀኑ ለሥራ እንደሚያልፍ፣ ምን እንደ ሆነ ግን ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረኝ። በማግሥቱ ጠዋት ሊያየው ቃል ገባልኝ። ቀኑን ብቻዬን ባልውል ኖሮ ማታ ለገበታው ይዤ የምቀርበው ወሬ አይኖረኝም ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፤ ከአበልዎ ቆጥበው ለታናሽ ወንድምዎ ጫማ መግዛትዎን አልቃወምም፤ እኔም ገዝቻለሁ። ነገር ግን ከተማውን ሳያዩ ጫማ ብቻ ይዘው አይመለሱ። የምንኖርበት ሰፈር «ነፋስ ስልክ» የተባለው ያለ ሽቦ ወሬ ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ የተነሣ ነው። ዛሬ ሁላችንም ነፋስ ስልክ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ቀን ቀን ከኪስዎ አያውጡት፤ ማታ ግን ለእናትዎ ይደውሉና የዋሉበትን ይንገሯቸው።

ሲመለሱም አንድ እሑድ ጠዋት «ዮሴፍ ወራጅ አለ» ብለው ይውረዱ። ከአበበ መቃብር አጠገብ ጥቂት ይቁሙ። ያ ቀዝቃዛ የሮማ ድንጋይ ያን ጊዜ ትዝ ይልዎታል።

መልካም ጉዞ ይሁንልዎ።